የደም ማጥራት ሕክምናና የበሽተኞች መዝገብ

በመተማ ገበያ ሰሊጥ የሚነግድ ሰው ያለ መዝገብ አያድርም። ስንት ኩንታል እንደ ገባ፥ ስንት እንደ ወጣ፥ ከየትኛው እርሻ የመጣው ንጹሕ እንደ ነበረ ይጽፋል፤ በሚመጣው ዓመት የሚገዛውም ይህንኑ አይቶ ነው። ለሰሊጥ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን፥ ለሰው ሕይወትማ ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባናል?

ኩላሊት ደማችንን የምታጠራ ብልት ናት። ሁለቱም ኩላሊቶች ሲደክሙ ቈሻሻውና ትርፉ ውሃ በሰውነት ውስጥ ይከማቻል። ያን ጊዜ ሐኪሞች የበሽተኛውን ደም በቱቦ አውጥተው፥ በማጣሪያ መኪና አጥርተው ይመልሱለታል። ይህም የኩላሊት እጥበት ወይም ዲያሊሲስ የሚባለው ነው፤ እንደ ደንቡም በሳምንት ሦስት ጊዜ፥ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ይደረጋል።

በምዕራብ ጎንደር ቈላ ከስኳር በሽታና ከደም ግፊት ሌላ የጸና ወባ፥ የእባብ መርዝና በሐሩር ውሃ ሳይጠጡ መዋል ኩላሊትን ይጐዳሉ። ካላዛርን የሚያድኑ አንዳንድ ብርቱ መድኃኒቶችም ኩላሊትን ሊነኩ ስለሚችሉ በሐኪም ክትትል ይሰጣሉ። ከተጐጂዎቹ ብዙዎቹ በጊዜ ሲታከሙ ይድናሉ፤ ኩላሊቱ ያልተመለሰለት ግን ኑሮው ከመኪናው ጋር ይሆናል።

መዝገብ ስንል የአንዱን በሽተኛ ካርድ ማለታችን አይደለም። በየሆስፒታሉ የሚታጠቡት ሁሉ በአንድ ዐይነት ጥያቄ የሚጻፉበትን የጋራ መዝገብ ማለታችን ነው። በአውሮጳ እንዲህ ያለው መዝገብ የተጀመረው በነርሱ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. ነው፤ ደቡብ አፍሪካም በ2012 ዓ.ም. የራስዋን መዝገብ እንደገና አቋቁማለች።

ጥቅሙን በምሳሌ እንመልከት። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚታጠብ ሰው አንደኛው ዕረፍቱ ከሌሎቹ በአንድ ቀን ይረዝማል። በአሜሪካ የ32,065 በሽተኞች መዝገብ ተመርምሮ በ2011 ዓ.ም. በአውሮጳ አቈጣጠር እንደ ታተመው፥ ከረጅሙ ዕረፍት በኋላ ባለው ቀን ሞት ይበዛል፤ በዓመት ሲሰላ ከመቶ ሰው በዚያ ቀን 22.1፥ በሌሎቹ ቀኖች 18.0 ሆኖ ተገኝቷል። ጥቂት በሽተኞችን ብቻ የሚያይ አንድ ሐኪም ይህን ሊያስተውለው አይችልም ነበር፤ የብዙዎች ስም በአንድነት መጻፉ ግን ገለጠው።

እንግዲህ አንድ ቀን የጨመረ ዕረፍት ይህን ያህል ከጐዳ፥ በገንዘብ እጥረት በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚታጠበው ወገናችን እንዴት ይሆናል? ከመተማ ተነሥቶ የመሳፈሪያ ዋጋ አጥቶ ወይም መንገድ ተዘግቶበት የቀረውስ? ሲቀር ማንም ካልጻፈለት፥ መዝገቡ የሚናገረው ስለ ተመላላሾቹ ብቻ ይሆንና ሕክምናው ከእውነቱ ይልቅ ያማረ መስሎ ይታያል። ስለዚህ የቀረው ለምን እንደ ቀረ፥ የሞተውም መቼ እንደ ሞተ መጻፍ አለበት። መኪና ወዴት እንደሚያስፈልግና የማን መንገድ መታገዝ እንዳለበት የሚያሳየው ይህ ነውና።

በዚህ ሥራ ቤተ ሰብም ድርሻ አለው። በሽተኛው የታጠበበትን ቀን፥ ክብደቱንና የደም ግፊቱን በደብተር ጻፉለት። የወሰደውን መድኃኒት፥ የባህሉንም ቢሆን፥ ከሐኪም አትሰውሩ። መምጣት ካቃተው፥ ወይም ካረፈ፥ ለሆስፒታሉ ንገሩ። ሐዘን በከበደበት ቀን ይህን ማድረግ እንደሚያስቸግር እናውቃለን፤ ነገር ግን ያ አንድ መስመር ከበስተኋላው ለሚመጣው በሽተኛ መትረፊያ ሊሆን ይችላል።