«ሞዴል»፣ «ዓይነት»፣ «ደረጃ»፦ ስለ መኪና ስያሜዎች አከፋፈል

የተሽከርካሪ ሰነድ የሚተረጉም ሰው ዘወትር የሚገጥመው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም በመኪና ስም ላይ የሚቀጠሉት «ዲኤክስ»፣ «ጂኤል»፣ «ኤግዚኪዩቲቭ» የመሳሰሉት ቃላት ራሱን የቻለ ሞዴል ያመለክታሉ ወይስ የአንዱኑ ሞዴል ልዩ ልዩ አሟላል? የሚለው ነው። ጥያቄው የቃላት ጨዋታ አይደለም። በሊብሬ፣ በሽያጭ ውል ወይም በመድን ሰነድ ላይ «ሞዴል» በሚለው ረድፍ የሰፈረው ቃል ከሌላው ሰነድ ጋር ካልተስማማ አንዱ ንብረት ሁለት ንብረት መስሎ ይታያል። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅም ለየትኛው ስም ራሱን የቻለ መግቢያ እንደሚሰጥ መወሰን ይኖርበታል።

1. የቃሉ ይዞታ

«ሞዴል» በአማርኛ ብዙ ሥራ የተሸከመ ውሰት ቃል ነው። በንብረት ክፍል «ሞዴል 19» የዕቃ ገቢ ማድረጊያ ቅጽ ነው፤ «ሞዴል አርሶ አደር» አርአያ የሚሆን ገበሬ ነው፤ «ሞዴል ፈተና» ለዋናው ፈተና መለማመጃ ነው። በመኪና ገበያ ደግሞ «ሞዴሉ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚጠብቀው መልስ መኪናው የተሠራበትን ዘመን ነው። ስለሆነም ተርጓሚው ከባዕድ ቋንቋ የመጣውን ቃል እንዳለ «ሞዴል» ብሎ ሲያሰፍር አንባቢው ዘመኑን፣ የመኪናውን ስም ወይም ተቀጽላውን ሊረዳ ይችላል።

2. ተቀጽላ ስሞች ምን ይለያሉ?

በሠሪዎች አነጋገር ሞዴል ማለት በአንድ ስም የሚጠራ፣ በመሠረታዊ አካሉና በአሠራሩ ከሌላው የሚለይ ተሽከርካሪ ነው፤ ለምሳሌ ኮሮላ። ተቀጽላው ግን ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለ መቀመጫው ልብስ፣ ስለ ጎማው ቸርኬ፣ ስለ አየር ማቀዝቀዣውና ስለዚህ ስለመሳሰሉት ነው። «ዲኤክስ» ራሱ «ዴሉክስ» የሚለው ቃል ምሕጻር ሲሆን፣ ከተራው ይልቅ የተሟላውን ኮሮላ ያመለክት ነበር።

የአገራችን ተናጋሪ ግን በዚህ አልተወሰነም። «ዲኤክስ» እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራው ኮሮላ መጠሪያ ሆኗል፤ አሟላሉ ምንም ይሁን ምን። «ፋይቭ ኤል» እና «ዲ ፎር ዲ» የሞተር ስሞች ሲሆኑ ሚኒባሱን ራሱን ይጠሩበታል። «ቪኤይት» የስምንት ሲሊንደር ሞተር ምልክት ሳለ የላንድ ክሩዘር ስም ሆኗል። «ቅጥቅጥ» ደግሞ፣ ቀጠቀጠ ከሚለው ግሥ የወጣ የራሳችን ቃል ሆኖ፣ በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ በአገር ውስጥ የተሠራውን የአውቶቡስ አካል ይለያል።

3. ከቡና የተገኘ ምሳሌ

ልዩነቱ ከሌላ መስክ በተወሰደ ምሳሌ ይበልጥ ይብራራል። በጌዴኦ ዞን፣ በይርጋ ጨፌ ወረዳ የምትገኘው ኢዲዶ በቡናዋ የታወቀች ቀበሌ ናት። ቡናዋ ለውጭ ገበያ ሲቀርብ «ይርጋ ጨፌ፣ ኢዲዶ፣ ደረጃ 1» ተብሎ ይጻፋል። ከእነዚህ ቃላት የመጀመሪያው ወረዳውን፣ ሁለተኛው ቀበሌውን፣ ሦስተኛው ጥራቱን ይናገራል። ዘሩ ግን አልተነገረም። የአካባቢው ገበሬ ዘሩን የሚጠራው «ኩሩሜ»፣ «ደጋ»፣ «ወሊሾ» እያለ ነው፤ ኩሩሜ ፍሬው ደቃቅ፣ ወሊሾ ትልቅ ነው።

ደረጃው የሚሰጠው ከመቶው ነጥብ 40ው ለጥሬው ቡና፣ 60ው ለስኒው ጣዕም ተይዞ ነው። ከአንድ ማሳ የተለቀመ ቡና በአለቃቀሙና በአደራረቁ ምክንያት አንዱ ክምር ደረጃ 1፣ ሌላው ደረጃ 3 ሊያገኝ ይችላል፤ ዘሩም ቦታውም ግን ያው ነው። ደረጃ ዓይነትን ይገልጻል እንጂ አዲስ ዓይነት አይወልድም። የመኪናው ተቀጽላም እንዲሁ ነው።

4. ድንበሩ የሚታለፍበት ጊዜ

ይሁንና ድንበሩ የማይነቃነቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የቡና ግብይት ከጀመረበት ከ2001 ዓ.ም. በኋላ ባወጣቸው የውል ዝርዝሮች፣ ከአንዱ አካባቢ የመጣውን የታጠበ ቡና የይርጋ ጨፌን ልዩ ጣዕም በመያዙና ባለመያዙ «ይርጋ ጨፌ ኤ» እና «ይርጋ ጨፌ ቢ» ብሎ ለሁለት ከፍሎታል። በመኪናም ሱዙኪ «ስዊፍት ዲዛየር» ብሎ እ.ኤ.አ. በ2008 በሕንድ ያወጣው መኪና፣ እ.ኤ.አ. በ2017 «ስዊፍት» የሚለውን ስም ጥሎ «ዲዛየር» ብቻ ተብሏል። ተቀጽላው ሞዴል ሆነ ማለት ነው።

በአንጻሩ የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አውቶሞቢሎችን የከፈለው በሞተራቸው መጠንና በዕድሜያቸው ነበር፤ የአሟላል ስም በዚያ ቦታ የለውም። ስለዚህ መለያየቱ የሚወሰነው መለያው በተፈለገበት ጉዳይ ጭምር ነው።

5. የምናቀርበው አስተያየት

የሠሪው ተቀጽላ «የአሟላል ደረጃ» ቢባል እንመርጣለን። ሕዝቡ ሁሉ ነገር የተሟላለትን መኪና «ፉል ኦፕሽን» ስለሚል፣ ማሟላት የሚለው አሳብ በተናጋሪው ዘንድ አስቀድሞ አለ። «ሞዴል» ለመኪናው ስም ብቻ ይቆይ፤ ዘመኑ «የተሠራበት ዘመን» ተብሎ ለብቻው ይጻፍ። ተርጓሚው የሚጠራጠር እንደሆነ ሁለት ነገር ይመርምር፦ ተቀጽላው ቢቀር ስሙ ያንኑ መኪና ይጠራልን? ተቀጽላውስ ብቻውን ቢቆም ሠሪው በሞዴልነት ያውቀዋልን? ለፊተኛው አዎን፣ ለኋለኛው አይደለም ከተባለ ነገሩ ደረጃ ነው።

መዝገበ ቃላት ግን የሠሪውን ዝርዝር ብቻ ሳይሆን የተናጋሪውንም ልማድ መመዝገብ አለበት። ለአብነት ያህል፦

ዲኤክስ፣ ስ.፣ ውሰት። 1. (በሠሪው) ከተራው የተሻለ የአሟላል ደረጃ። 2. (በሕዝብ አነጋገር) እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራ ቶዮታ ኮሮላ።

በሰነድ ትርጉም የመጀመሪያው፣ በልብ ወለድና በጋዜጣ ትርጉም ሁለተኛው ፍቺ ያገለግላል። ሊብሬ የሚተረጉም ሰው «ሞዴል፦ ኮሮላ፤ የአሟላል ደረጃ፦ ዲኤክስ» ብሎ በሁለት ረድፍ ቢጽፍ የሠሪውም የገዢውም ቃል በየቦታው ይቀመጣል።