ዘይት የምታንጠባጥበው ላዳ

ላዳ አዲስ አበባን ለብዙ ዓመታት በታክሲነት አገልግላለች። መሠራት የጀመረችው በ1970 እ.ኤ.አ. በሶቭየት ኅብረት ነው። መሠረቷ የጣሊያኑ ፊያት 124 ነው።

ጎረቤታችን የሚተዳደሩት በላዳ ነው። አንድ ጠዋት ከመኪናቸው ሥር፣ በስተኋላ፣ ዘይት አየን። «አሮጌ ናት፤ ብታንጠባጥብ ምን ይደንቃል?» አሉን። «አይ ጋሼ፣ ምክንያቱን እንፈልገው» አልናቸው።

የኋላ ጎማዎችን የሚያዞረው ዲፈረንሻል ነው። የሚይዘው ዘይት 1.3 ሊትር ብቻ ነው። ዘይቱ ካለቀ ጥርሶቹ ይበላሉ።

በመጀመሪያ ዲፈረንሻሉን በናፍጣ አጠብን፤ በጨርቅም አደረቅን። ለምን? መኪና ሲሄድ ነፋስ ዘይቱን ይበትነዋል። ዘይት የሚንጠባጠብበትና የሚወጣበት ቦታ ይለያያል። ከዚያ ጥቂት ነድተን ተመለስን። መኪናዋን በክሪክ ብቻ አላቆምናትም፤ ጠንካራ ድጋፍ አደረግን።

ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ የሚገባበት ቦታ ከረጠበ፣ ዘይት የሚያግደው ላስቲክ አልቋል። መጋጠሚያው ከረጠበ ጥፋቱ የጓርኒሲዮኑ ነው። ጎማው በውስጥ በኩል ከረጠበ ግን አደጋ አለ! ዘይቱ የፍሬን ሸራ ከነካ መኪና በወጉ አይቆምም።

የጋሼ ላዳ በዘንጉም በጎማውም በኩል ረጥባለች። ሁለቱ ባንዴ እንዴት አለቁ? ከላይ ያለችውን ትንሽ የአየር መተንፈሻ አየን። ጭቃ ደፍኗታል! ዲፈረንሻል ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይለጠጣል። መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በላስቲኮቹ በኩል ይገፋል። መተንፈሻዋ ሳትጠረግ ላስቲክ ቢቀየር፣ አዲሱም ያፈሳል።

ጋሼ መተንፈሻዋን ጠረጉ። ላስቲኮቹንና የፍሬን ሸራውን አስቀየሩ፤ ዘይቱንም አስሞሉ። አሁን ጠዋት ጠዋት ከመኪናዋ ሥር ጎንበስ ብለው ያያሉ። መሬቱ ደረቅ ነው።