በሣጥን ውስጥ ያለ ታሪክ



«በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። የዚህ ተረት እውነትነት የገባኝ በቤታችን በደረሰው ጥፋት ነው። አያቴ በወጣትነታቸው ከቤሌ ተነሥተው ወንጂ ድረስ ሄደው ሸንኮራ ቆርጠዋል። የሠራተኛነት ወረቀታቸው በሣጥን ውስጥ ይኖር ነበር። በአንድ ክረምት ጣራው አፍስሶ ወረቀቱ በሰበሰ። እርሳቸው ካረፉ ወዲህ፥ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ሄዱና ስንት ይከፈላቸው እንደ ነበር የሚነግረን አልተገኘም።

ይህን የመሰለ ወረቀት በሌላ ሀገር ምን ጥቅም እንዳስገኘ እንመልከት። እንግሊዞች በግዛታቸው ባርነትን ካስቀሩ በኋላ ለሸንኮራ እርሻ ሠራተኛ ስላጡ፥ ሕንዶችን በውል እያስፈረሙ በመርከብ ያጓጉዙ ጀመር። በሕንድ ውቅያኖስ ባለችው በሞሪሺየስ ደሴት ብቻ፥ እ.ኤ.አ. ከ1834 እስከ 1920 ድረስ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰዎች ወረዱ። ውሉ ሳያልቅ ሥራውን ትቶ የጠፋ ይታሰር ነበር።

ጸሓፊዎቹም ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ሰጥተው ስሙን፥ የአባቱን ስም፥ ዕድሜውንና መንደሩን መዘገቡ። ይህ የተደረገው ሠራተኛውን ለመቆጣጠር እንጂ ለእርሱ ታስቦ አልነበረም። ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ መዝገቡ በሞካ በሚገኘው በማኅተመ ጋንዲ ተቋም ስለ ተጠበቀ፥ የልጅ ልጆች የአያቶቻቸውን መንደር ያገኙበታል። በፖርት ሉዊስ ከተማ የወረዱበት ስፍራ አፕራቫሲ ጋትም እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተባለ።

የእኛ አባቶች ነገር ከዚህ ይለያል፤ ባሕር አልተሻገሩም፥ እንደ ሕንዶቹም በረጅም ዘመን ውል አልተያዙም። ሆኖም የሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. በወንጂ ያቋቋመው የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፥ ከወላይታ፥ ከከምባታና ከሐዲያ ብዙ ሰዎች ለሸንኮራ ቆረጣ ወደዚያ ሄደዋል። በላባቸው ያገኙት ገንዘብ ግብር ከፍሏል፥ በሬ ገዝቷል፥ ልጅ አስተምሯል። በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካው የመንግሥት ሆነ። የኩባንያው ታሪክ በኩባንያው መዝገብ ይገኝ ይሆናል፤ የሠራተኛው ታሪክ ግን የሚገኘው በየቤታችን ሣጥን ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ወረቀቱንና ፎቶግራፉን ከእርጥበት፥ ከጢስና ከምስጥ እናርቅ። የተቀደደውን በማጣበቂያ አንለጥፍ፤ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለን እናስቀምጥ። ከፎቶግራፉ ጀርባ የሰዎቹን ስም በእርሳስ ቀስ ብለን እንጻፍ። በስልክ ፎቶግራፍ አንሥተን ቅጂውን በሁለት ቦታ እናኑር። ከሁሉም በላይ በሕይወት ያሉትን ሽማግሌዎች፦ መቼ ሄዱ? ከማን ጋር ሄዱ? የት አደሩ? ስንት ተከፈለዎ? ብለን እየጠየቅን መልሳቸውን እንመዝግብ።

ወላጆች ሆይ፥ አሮጌ ወረቀት ከመጣልዎ በፊት ለልጅዎ ያሳዩ። እናንተም ጓደኞቼ፥ ዛሬ ማታ ሣጥኑን ክፈቱ። የእኛ ዘግይቷል፤ የእናንተ ግን አልዘገየም።