ከወሊድ በኋላ የመውለድ ዐቅም መቼ ይመለሳል?

ሰንጋ ተራ ስሙ የከብት ገበያን ያስታውሳል፤ ዛሬ ግን የባንክ ሕንፃዎችና የጋራ መኖሪያ ቤቶች ጎን ለጎን የቆሙበት የአዲስ አበባ እምብርት ነው። በዚህ ሰፈር ለምትኖር ወይም ለምትሠራ እናት «ሌላ ልጅ መቼ?» የሚለው ጥያቄ ከጤናዋ፣ ከሥራዋና ከቤት ኪራይዋ ጋር የተሳሰረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ አንዲት የአዲስ አበባ ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 1.8 ልጆች ትወልዳለች፤ የአገሪቱ አማካይ ደግሞ 4.6 ነበር። በመሆኑም በከተማዋ ከልጆች ቁጥር ባልተናነሰ ሊታሰብበት የሚገባው በልጆቹ መካከል የሚኖረው ጊዜ ነው። በዚህ ጽሑፍ ከወሊድ በኋላ በእናት ሰውነት ውስጥ የሚካሄደውን ለውጥ፣ ቀጥሎም ለእያንዳንዷ እናት የሚስማማውን የወሊድ መቆጣጠሪያ ለመምረጥ የሚረዱ ነጥቦችን እንመለከታለን።

ሳይታይ የሚወጣው እንቁላል

«የወር አበባዬ ሳይመለስ አላረግዝም» የሚል አባባል ተደጋግሞ ይሰማል። አባባሉ የተሳሳተበት ምክንያት የነገሮቹ ቅደም ተከተል ነው። የወር አበባ የሚመጣው እንቁላል ከእንቁልጢ ከወጣ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ጽንስ ሳይፈጠር ሲቀር ነው። ስለዚህ ከወሊድ በኋላ የሚወጣው የመጀመሪያው እንቁላል ከመጀመሪያው የወር አበባ ሊቀድም ይችላል። በዚያ ወቅት ጽንስ ከተፈጠረ እናቲቱ አንድም ጊዜ የወር አበባ ሳታይ ታረግዛለች። ጡት በማታጠባ እናት ይህ እንቁላል ከወለደች ከአራት ሳምንት ገደማ ጀምሮ ሊወጣ ይችላል፤ ይህም ወንድ ልጅ ክርስትና ከሚነሣበት ከ40ኛው ቀን በፊት መሆኑ ነው።

ጡት ማጥባት ይህን ጊዜ ያዘገየዋል። ሕፃኑ በጠባ ቁጥር ከጡት ጫፍ የሚነሣው የነርቭ መልእክት አንጎል ይደርሳል። በዚህም ወተት እንዲመረት የሚያደርገው ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ይጨምራል፤ እንቁላል እንዲበስልና እንዲወጣ የሚያዝዙት ሆርሞኖች ደግሞ ይዳከማሉ። ይሁን እንጂ ጡት ማጥባት አስተማማኝ መከላከያ የሚሆነው ሦስት ሁኔታዎች በአንድነት ሲሟሉ ነው። አንደኛ፣ ሕፃኑ ስድስት ወር ያልሞላው ሲሆን፤ ሁለተኛ፣ ሌላ ምግብ ሳይጨመርለት ቀንና ሌሊት ጡት ብቻ ሲጠባ፤ ሦስተኛ፣ የእናቲቱ የወር አበባ ያልተመለሰ ሲሆን። ሦስቱም ከተሟሉ በስድስቱ ወራት ውስጥ ከ100 እናቶች የሚያረግዙት 2 ያህል ብቻ ናቸው። አንዱ ከጎደለ ግን ሌላ መከላከያ ወዲያውኑ ያስፈልጋል።

የከተማዋ ሠራተኛ እናት ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ዕረፍት ይሰጣል፤ በጡት ማጥባት የሚገኘው ጥበቃ ደግሞ እስከ 180 ቀን ሊዘልቅ የሚችለው ሕፃኑ ሳያቋርጥ ሲጠባ ነው። እናቲቱ ሥራ ገብታ ረጅም ሰዓት ከልጇ ስትለይ መጥባቱ ይራራቃል፤ የሆርሞኑም ተጽዕኖ ይቀንሳል። ታልቦ የተቀመጠ ወተት ሕፃኑን ይመግባል እንጂ የመጥባቱን ያህል እንቁላልን አያዘገይም። ስለዚህ ሌላ መከላከያ መጀመር ያለበት ሥራ ከመመለስ በፊት ነው።

ምርጫው ከጊዜ ይነሣል

የዓለም ጤና ድርጅት አንዲት እናት ከወለደች በኋላ እንደገና ከማርገዟ በፊት ቢያንስ 24 ወራት እንድትቆይ ይመክራል። በጣም የተቀራረበ እርግዝና ያለ ጊዜው ከመወለድ፣ ከዝቅተኛ የልደት ክብደትና ከእናት ደም ማነስ ጋር ይያያዛል። ምክሩ ግን ለሁሉም እኩል የሚሠራ ሕግ አይደለም፤ ዕድሜዋ ወደ 40 ለተጠጋ እናት መቆየትም የራሱ ዋጋ ስላለው ከሐኪም ጋር መመካከር ይገባታል።

እንግዲህ መከላከያን ከመምረጥ በፊት «ቀጣዩን ልጅ የምንፈልገው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ጥናቱ በተካሄደበት ወቅት ከአገራችን ባለትዳር ሴቶች 23 በመቶ ያህሉ ይጠቀሙ የነበረው በየሦስት ወሩ የሚወሰደውን መርፌ ነው። የምታጠባ እናት መርፌውን አብዛኛውን ጊዜ የምትጀምረው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። መርፌው ከተቋረጠ በኋላ የመውለድ ዐቅም ለመመለስ ወራት ሊወስድ ስለሚችል፣ ቶሎ ማርገዝ ለሚያስቡ ጥንዶች ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው መከላከያ እንደ ዓይነቱ 3 ወይም 5 ዓመት ያገለግላል፤ የመዳብ ሉፕ ደግሞ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ። ሆኖም እነዚህን ዓመታት መጨረስ ግዴታ አይደለም፤ እናቲቱ በፈለገች ጊዜ በጤና ባለሙያ ይወጡላታል፤ የመውለድ ዐቅሟም ሳይዘገይ ይመለሳል። ሉፕ በወለደች በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ይህ ካለፈ ደግሞ ከአራት ሳምንት በኋላ ይገባል። ኤስትሮጅን ያለበት ክኒን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የደም መርጋት አደጋን ስለሚጨምርና ወተትንም ሊቀንስ ስለሚችል፣ ለምታጠባ እናት እስከ ስድስት ወር ድረስ በአብዛኛው አይመከርም፤ ለእርሷ ፕሮጄስቲን ብቻ ያለበት ክኒን አለ። ከእንግዲህ መውለድ በቃን ብለው በእርግጠኝነት የወሰኑ ባልና ሚስት ደግሞ ቋሚውን ዘዴ ሊመርጡ ይችላሉ፤ ይህም በሴቷም ሆነ በወንዱ ላይ የሚደረግ ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው።

ለውይይቱ አመቺው ጊዜ የእርግዝና ክትትሉ ነው፤ ያ ካለፈ ደግሞ ሕፃኑ በስድስተኛው ሳምንት ለክትባት ጤና ጣቢያ ሲወሰድ እናቲቱም ስለ ራሷ ልትጠይቅ ይገባል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ ማግኘትን የሴቶች መብት አድርጎ ደንግጓል። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባላል፤ የሚወለድበትን ጊዜ ማሰብ ግን የወላጆቹ ድርሻ ነው፤ ለዚህም የወር አበባን መመለስ መጠበቅ አያስፈልግም።