በጎንደር የመሰንቆ ትምህርት፤ ዜማውና ማሳመሪያው

በጎንደር ሁለት ዐይነት የዜማ ትምህርት ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንደኛው የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ደቀ መዝሙሩ ድጓውን ዘርግቶ፥ ከፊደሉ በላይ የተጻፉትን ምልክቶች እያየና ከመምህሩ አፍ እየሰማ ያጠናል። ሁለተኛው የአዝማሪው ነው፤ ይህ መጽሐፍም፥ ምልክትም፥ ጉባኤ ቤትም የለውም። ስለዚህ ብዙ ሰው ትምህርት መሆኑን ሳያስተውል እንደ ጨዋታ ብቻ ያልፈዋል። በዚህ ጽሑፍ የመሰንቆ ተማሪ ምን ምን እንደሚማር፥ ይልቁንም ዜማውን የሚያሳምረውን የጣትና የደጋን ሥራ ከየት እንደሚያገኘው ለማስረዳት እንሞክራለን።

መሣሪያው

መሰንቆ ባለ አንድ አውታር ነው። አውታሩ ከፈረስ ጭራ የተሰበሰበ ሲሆን፥ የድምፁ ሳጥን አራት ማዕዘን ሆኖ በቆዳ ይለበጣል። ደጋኑም ጭራ የተወጠረበት እንጨት ነው፤ ጭራው ጭራውን ይዞ እንዲያስጮኸው ሙጫ ወይም ዕጣን ይቀባል። አውታሩ ከአንገቱ እንጨት ርቆ ስለሚቆም ተጫዋቹ እንደ ጊታር ጣቱን እስከ እንጨቱ ድረስ አይጫንም፤ ጭራውን በአየር ላይ እንዳለ በጣቱ ይነካዋል እንጂ። ጣቱ የት ማረፍ እንዳለበት የሚያመለክት አንዳች ነገር በአንገቱ ላይ የለም። ጣት ጥቂት ፈቀቅ ካለች ድምፁ ይለወጣል። ጀማሪውን የሚያስቸግረው ይኸው ነው፤ የማሳመሪያውም ሁሉ ምንጭ ይኸው ነው።

ያልተነካው ጭራና አራቱ ጣቶች በአንድ ላይ አምስት ድምፅ ይሰጣሉ። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት ቅኝቶችም እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው፤ የሚለያዩትም በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው። መቃኛው የሚጠብቀው ወይም የሚላላው እንደ ዘፋኙ ጉሮሮ ስለ ሆነ፥ ለሁሉም ተጫዋች የተወሰነ አንድ ከፍታ የለም።

የመማሩ መንገድ

አዝማሪ የሚለው ስም ዘመረ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው። ስሙ እንዲህ የከበረ ይሁን እንጂ፥ ሰርጉ ያለ አዝማሪ የማይደምቅለት ባላገር ልጁን ለአዝማሪ ለመዳር ያቅማማ ነበር። በዚህም ምክንያት ሙያው ከቤተ ሰብ ሳይወጣ ሲወራረስ ኖሯል። በጎንደር አቅራቢያ የሚገኘው ቡርቧክስ የአዝማሪዎች መንደር በመሆኑ የታወቀ ነው። ጃፓናዊው ተመራማሪ ኢትሱሺ ካዋሴም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ባወጣው ፊልም በጎንደር የሚዘፍኑትን የአዝማሪ ልጆች አሳይቷል።

ልጁ መሰንቆ ከመያዙ በፊት ብዙ ዘመን ይሰማል። ያጨበጭባል፥ አዝማቹን ይቀበላል፥ ከበሮ ይመታል። ስለዚህ መሰንቆውን በእጁ በሚይዝበት ጊዜ ዜማው አስቀድሞ በጆሮው ውስጥ አለ፤ የሚቀረው ጣቱ ጆሮውን እንዲከተል ማድረግ ነው። መምህሩም አባቱ ወይም አጎቱ ነው፤ በቃል ከማስረዳት ይልቅ ደግሞ በመጫወት ያሳየዋል። በጥርና ከፋሲካ በኋላ በሚደረጉት ሰርጎች ታላላቆቹን ተከትሎ ይሄዳል፤ የሙያው ፈተና ያለው በዚያ ነው።

ማሳመሪያው

የዜማው አጥንት አጭር ነው፤ ብልህ ተማሪ ቶሎ ይይዘዋል። አንዱን ተጫዋች ከሌላው የሚለየው ግን በአጥንቱ ላይ የሚያለብሰው ሥጋ ነው። ይህንንም በአራት ከፍለን ልናየው እንችላለን። አንደኛ፥ ጣትን ከጭራው ሳያነሡ ከድምፅ ወደ ድምፅ መንሸራተት፤ ሁለተኛ፥ ረዥም ድምፅ ላይ ጣትን ማርገብገብ፤ ሦስተኛ፥ የጎረቤቱን ድምፅ በሌላ ጣት ቶሎ ነክቶ መልቀቅ፤ አራተኛ፥ አንዱን ድምፅ በአጫጭር የደጋን ምት መቆራረጥ።

እያንዳንዱ መሣሪያ ማሳመሪያውን የሚያገኘው ከጠባዩ ነው። የክራር ድምፅ ተመትቶ ቶሎ ስለሚጠፋ ተጫዋቹ ደጋግሞ መምታት ያስፈልገዋል። በአየርላንድም ባለ አራት አውታሩን ባንጆ የሚጫወቱ ሰዎች በዚሁ ምክንያት አንዱን ድምፅ ሦስት ጊዜ በፍጥነት በመምታት ዜማውን ያስጌጣሉ። መሰንቆ ግን ደጋን ስላለው ድምፁን እንደ ሰው ትንፋሽ ሊያስረዝመው ይችላል፤ ስለዚህም ማሳመሪያው የሰውን ጉሮሮ ይከተላል።

ይህም እንደ ልብ የሚጨመር አይደለም። አዝማሪው ግጥሙን ሲያወርድ መሰንቆው ድምፁን በቅርብ ይከተለዋል፤ ስንኙ ሲያልቅና ዘፋኙ ሲተነፍስ ግን መሰንቆው ቦታውን ይረከባል፥ ጣትም ይፈታል። በተለይ ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጠው፥ አዝማሪው በዚያች በመሰንቆው ጨዋታ መካከል ሰምቶና አስታውሶ በዜማው ልክ ያስገባዋል። ስለዚህ ማሳመሪያው ለጆሮ ጌጥ፥ ለአሳብም ጊዜ ነው። ግጥም ሳይማር ጣት ብቻ የተማረ ሰው መቼ መርገብገብ፥ መቼ ዝም ማለት እንዳለበት አያውቅም።

ምን ይደረግ?

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1963 በሃሊም ኤል ዳብህ መሪነት የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ መሰንቆን ከሌሎች የአገር መሣሪያዎች ጋር በመድረክ አቁሞታል፤ በቅዱስ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም መሰንቆ በትምህርት ይሰጣል። በዚህ መንገድ ከአዝማሪ ቤት ያልተወለደም ሊማረው ችሏል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ብዙዎች አብረው በሚጫወቱበት ቦታ ቅኝቱ አንድ መሆን፥ የእያንዳንዱም ጣት መገታት አለበት። መሰንቆው ድምፁ በቁልፍ ከተወሰነው የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ጋር ሲጫወት ደግሞ መንሸራተቻው ቦታ ይጠባል። በዚህ ብቻ የሚያድግ ልጅ ዜማውን ሊያውቅ፥ ማሳመሪያውን ግን ሳያገኝ ሊቀር ይችላል።

ለዚህ ምሳሌው ሩቅ አይደለም። የድጓው ምልክቶች በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (ከ1540 እስከ 1559 በአውሮፓ አቆጣጠር) በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተደራጁ ይነገራል። ከእነርሱም መካከል ርክርክ የሚባለው የድምፅን መርገብገብ ያመለክታል። ይሁን እንጂ ምልክቱ መምህሩን አልተካም፤ ተማሪው የሰማውን እንዳይረሳ ረዳው እንጂ። ለመሰንቆውም እንዲሁ፥ ማሳመሪያው በየትኛው ቃል ላይ እንደሚወድቅ ከግጥሙ ፊደል በላይ በትንሽ ምልክት ማስፈር ይቻላል። ከዚህም ጋር፥ የዘፈን መቅረጫ ይዞ ወደ ጎንደር፥ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ የሚሄድ ተማሪ ያለቀውን ዘፈን ብቻ ቀርጾ ባይመለስ መልካም ነው። አባት ለልጁ ደግሞ ሲያሳየው፥ የልጁም ጣት ሲሳሳትና ሲታረም ይቅረጽ። ለሚያስተምረውም አዝማሪ የመምህርነት ዋጋና ስም ይሰጠው። ዘፈኑ በቴፕ ሊቀመጥ ይችላል፤ ሙያው ግን የሚቀመጠው በሚማር ልጅ ላይ ነው።