አንዱን ለውጦ ሌላውን ማቆየት

አንድ ገበሬ በማሳው ላይ ምርጥ ዘር ዘራ፣ ማዳበሪያ ጨመረ፣ ከልማዱም አንድ ጊዜ አብልጦ አረሰ እንበል። መከሩ ሲገባ ጎተራው ሞላ። ጎረቤቱ ምክንያቱን ቢጠይቀው «ማዳበሪያው ነው» ይለው ይሆናል። ዳሩ ግን ዘሩ፣ እርሻው ወይም በጊዜው የጣለው ዝናም አለመሆኑን የሚያስረዳ ማስረጃ በእጁ የለም። ጎረቤቱ ቃሉን አምኖ ማዳበሪያ በብድር ገዝቶ ምርቱ እንዳሰበው ባይሆን፣ ዕዳው በእርሱ ጫንቃ ላይ ይቀራል።

ከዚህ ስሕተት የሚያድነው ዘዴ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሰጥ ነው። ተማሪዎች በሁለት ጣሳ ባቄላ ይዘራሉ። አንዱን በመስኮት አጠገብ አኑረው ቢያጠጡት፣ ሁለተኛውን ግን በጨለማ ሣጥን ከተው ውሃ ቢነፍጉት፣ የሁለተኛው መድረቅ ከብርሃን ማጣት ይሁን ከውሃ ማጣት አይታወቅም። ስለዚህ አፈሩ፣ ዘሩና የውሃው መጠን እኩል ሆኖ ብርሃኑ ብቻ ይለያያል። ያን ጊዜ ልጆቹ ያልጠበቁትን ያያሉ፤ የጨለማው ባቄላ ይበቅላል፣ እንዲያውም ከሌላው ይረዝማል፤ ነገር ግን ግንዱ የቀጠነ፣ ቅጠሉም የገረጣ ነው። እዚህ ብርሃኑ ተለዋዋጭ፣ በመስኮት አጠገብ ያለው ጣሳ ደግሞ ማነጻጸሪያ ይባላል።

በእርሻ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይኸው ማነጻጸሪያ ነው፤ ምንም ያልተጨመረበት መደብ በከንቱ የተተወ መሬት ይመስላልና። በእንግሊዝ አገር በሮታምስቴድ ጆን ቤኔት ሎውስና ጆሴፍ ሄንሪ ጊልበርት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1843 ዓ.ም. ብሮድቦክ በተባለ ማሳ የጀመሩት የስንዴ ሙከራ እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። ከመደቦቹ አንዱ ፍግ፣ ሌሎቹም ልዩ ልዩ ማዳበሪያ ሲያገኙ፣ አንደኛው ከ180 ዓመት በላይ ምንም አልቀመሰም። የሌሎቹ ብልጫ የሚለካው በሄክታር 10 ኩንታል ገደማ በሚሰጠው በዚህ ባዶ መደብ ነው።

ሆኖም የአንድ ማሳ አፈር ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1919 ዓ.ም. ወደዚያ የመጣው ሮናልድ ፊሸር እያንዳንዱ ሙከራ በብዙ መደብ እንዲደጋገም፣ ቦታውም በዕጣ እንዲወሰን አስተማረ። መሬት በገመድ ተለክቶ በዕጣ ሲከፋፈል ላየ ገበሬ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዕጣ የሚጣለው ለሙን ቦታ ማንም ለራሱ እንዳይመርጥ ነው።

በኢትዮጵያ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጤፍን በመስመር መዝራት በሰፊው ተመከረ። በመስመር የሚዘራ ሰው ግን የዘሩንም መጠን አብሮ ይቀንሳል፤ በብተና ለአንድ ሄክታር 25 ኪሎና ከዚያ በላይ ይፈጅ የነበረው እጅግ ያንሳል። ማዳበሪያም ከተጨመረ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ተለወጠ ማለት ነው። ምርቱ ቢያድግ ምስጋናው ለመስመሩ ነው ወይስ ለዘሩ መሳሳት? ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ መስመር ማውጣት ብዙ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ሲሆን፣ ዘር መቀነስ ግን ወጪ የለውም።

መልሱን ለማግኘት አራት ዓይነት መደብ ያስፈልጋል፦ ብተና በተለመደው ዘር፣ ብተና በተቀነሰ ዘር፣ መስመር በተለመደው ዘር፣ መስመር በተቀነሰ ዘር። ማዳበሪያው፣ የሚዘራበት ቀንና አረሙ ለሁሉም እኩል ይሆናል። እያንዳንዱም ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ቦታው በዕጣ ይወጣለታል፤ በመከር ጊዜም ነዶው ሳይቀላቀል መደብ በመደብ ተወቅቶ ይመዘናል።