ኮምፒውተራችሁ ተንቀራፈፈ? ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ቆቦ ላይ "ላፕቶፔ ስታክ እያደረገ አስቸገረኝ" ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክር ሁለት ነው። አንዱ "ፎርማት አስደርገው" ይላል፤ ሌላው ደግሞ "ይቺን ሶፍትዌር ጫንባት፣ ታጸዳልሃለች" ይላል። የመጀመሪያው ኮፒ ያልተደረገ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሰርግ ፎቶና የሱቅ ሒሳብ ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛው አንዳንዴ ራሱ በሽታው ነው። ስለዚህ ዛሬ የትኛው ሶፍትዌር እንደሚያስፈልግና የትኛው እንደማያስፈልግ እናያለን። አብዛኛው መፍትሄ ብርም ዳታም አይጠይቅም።

1. መጀመሪያ በሽታው ይታወቅ

ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። እዚያ ላይ ሲፒዩ፣ ሜሞሪ እና ዲስክ ስንት ፐርሰንት እየሠሩ እንደሆነ ታያላችሁ።

ሜሞሪው ሁልጊዜ ሞልቶ ከተገኘ የሚከፈቱትን ነገሮች መቀነስ ወይም ራም መጨመር ነው። ላፕቶፑ የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ካለውና ዲስኩ ምንም ሳትሠሩ 100 ፐርሰንት ላይ ከቆመ፣ ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ወደ ኤስኤስዲ በመቀየር ነው። ይህን የሚያስተካክል ሶፍትዌር የለም።

እዚያው ታስክ ማናጀር ውስጥ "ስታርታፕ" የሚል ቦታ አለ። ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞች ዝርዝር ነው። የማትፈልጉትን "ዲሴብል" በሉት። ፕሮግራሙ አይጠፋም፣ ሳትጠሩት መነሳቱን ብቻ ያቆማል።

የራያ ቆላ ሙቀትና አቧራም አይረሳ። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ሆን ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ላፕቶፑ ሲከፈት ደህና ሆኖ ትንሽ ቆይቶ ፋኑ እየጮኸ ከተንቀራፈፈ፣ የሚያስፈልገው ከፍቶ አቧራውን ማስጸዳት ነው። አልጋና ትራስ ላይ አስቀምጦ መጠቀምም የአየር መውጫውን ይደፍነዋል።

2. ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ይበቃል

ቦታ ለማስለቀቅ፦ ሴቲንግ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ ስቶሬጅ ግቡ። "ቴምፖራሪ ፋይልስ" የሚለው አላስፈላጊ ፋይሎችን ያወጣላችኋል። ግን ዝርዝሩ ውስጥ "ዳውንሎድስ" የሚልም አለ። እሱ ላይ ምልክት ካለ ሳታዩ ዲሊት አትበሉ፣ ያወረዳችሁትን በሙሉ ይወስደዋል።

ዲስክ ለማስተካከል፦ "ኦፕቲማይዝ ድራይቭስ" አብሮ የመጣ ነው፤ በራሱ ፕሮግራም ይሠራል። ሃርድ ዲስክ ከሆነ የተበታተነውን ይሰበስባል፣ ኤስኤስዲ ከሆነ የሚስማማውን ሥራ ይሠራል። ሌላ "ዲፍራግ" ጭኖ ኤስኤስዲ ላይ ማስኬድ ዕድሜውን መቀነስ ነው።

መብራት በድንገት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ፋይል እንቢ ካለ፦ ሲ ድራይቭ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ቱልስ፣ ከዚያ "ቼክ"።

ለቫይረስ፦ ዲፌንደር አብሮ አለ፤ ለቤት ኮምፒውተር ይበቃል። ሁለት ሦስት አንቲቫይረስ መደራረብ ማሽኑን ያንቀራፍፋል እንጂ ጥበቃውን እጥፍ አያደርገውም። ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት ካላገኘ፣ የዲፌንደር ማደሻ ፋይል ማይክሮሶፍት ድረ-ገጽ ላይ አለ። ኢንተርኔት ያለበት ቦታ አውርዳችሁ በፍላሽ ወስዳችሁ መጫን ትችላላችሁ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበር የምታስታውሱ ይህ ለምን እንደሚጠቅም ይገባችኋል።

ፍላሽ ላይ ያለው ሁሉ "ሾርትከት" ሆኖ ከታየም አትደንግጡ። ፋይሎቹ ብዙ ጊዜ ተደብቀው ነው እንጂ አልጠፉም። ሾርትከቱን አትክፈቱ፣ ፍላሹንም ፎርማት አታድርጉ፤ መጀመሪያ በዲፌንደር ስካን አድርጉት።

3. "በአንድ ክሊክ እናፈጥናለን" የሚሉትስ?

ሦስት እውነተኛ ታሪኮች እንንገራችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በ2017 በዓለም ላይ በጣም ታዋቂው ማጽጃ ሲክሊነር ተጠለፈ። ሰርጎ ገቦች ከድርጅቱ የሚወጣው ሶፍትዌር ውስጥ ቫይረስ ከተቱበት። 2.27 ሚሊዮን ገደማ ኮምፒውተሮች ላይ ተጫነ።

በ2019 ኦፊስ ዲፖ የተባለ የአሜሪካ ቸርቻሪና ሶፍትዌሩን ያቀረበለት ድርጅት በድምሩ 35 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። ክሱ "ነፃ ምርመራ" የሚለው ሶፍትዌራቸው ቫይረስ ሳይኖር አለ እያለ ደንበኛው ለጥገና እንዲከፍል ያደርግ ነበር የሚል ነው።

በ2024 ደግሞ አቫስት የተባለው አንቲቫይረስ አምራች ሰዎች ኢንተርኔት ላይ የሚጎበኙትን መረጃ ሸጧል ተብሎ 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተወሰነ።

"ሬጂስትሪ ክሊነር" የሚባሉትን ማይክሮሶፍት ራሱ አይደግፍም፤ ዊንዶውስን ሊያበላሹ ይችላሉ። ስልካችሁ ላይ ያለው "ራም ቡስተር"ም ያው ነው። አፖቹን ይዘጋል፣ እነሱ ተመልሰው ይነሳሉ፣ ባትሪው ያልቃል።

ከሁሉም የከፋው ግን ክራክና አክቲቬተር ነው። "መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉት" የሚል ፋይል፣ ዘበኛውን አስወጥታችሁ በሩን ክፈቱልኝ እያለ ነው።

4. ከመጫናችሁ በፊት 4 ጥያቄ

ከየት ነው የመጣው? ከአምራቹ ድረ-ገጽ ካልሆነ ይቅር።
ዊንዶውስ የማይሠራውን ይሠራል? ካልሠራ ለምን?
"347 ስህተት ተገኝቷል" ብሎ አስፈራርቶ ብር ይጠይቃል? አጥፉት።
ነፃ ከሆነ በምን ይተዳደራል? መልስ ከሌለው ሸቀጡ የእናንተ መረጃ ሊሆን ይችላል።

ይህን ፈተና የሚያልፉም አሉ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የዲስኩን ጤና ያሳያል። "ጉድ" ካለ ጥሩ፤ "ኮሽን" ወይም "ባድ" ካለ በዚያው ቀን ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ። ዊዝትሪ ቦታውን የበላው የትኛው ፎልደር እንደሆነ ያሳያል። ብሊችቢት ነፃና ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ማጽጃ ነው።

5. ዳታችሁንም ጠብቁ

ኮምፒውተሩን በስልክ ሆትስፖት የምታገናኙ ከሆነ፣ ዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ "ሚተርድ ኮኔክሽን" የሚለውን አብሩት። ዊንዶውስ ትልልቅ ፋይሎችን ሳይነግራችሁ ማውረዱን ይቀንሳል፣ ፓኬጃችሁም ቶሎ አያልቅም። ጥሩ ኔትወርክ ስታገኙ ግን አጥፍታችሁ አፕዴት አድርጉ።

ዊንዶውስ 10 የምትጠቀሙ ደግሞ፣ መደበኛው ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች የአንድ ዓመት ተጨማሪ የደህንነት አፕዴት መመዝገቢያ ከፍቷል፤ ሴቲንግ ውስጥ "ዊንዶውስ አፕዴት" ላይ እዩት። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ስለሚፈልግ ብዙ የቆዩ ላፕቶፖች አይቀበሉትም። ለእነሱ ሊኑክስ ሚንት የሚባል ነፃ አማራጭ አለ።

ይህን ሁሉ ሞክራችሁ እንቢ ካለ ፎርማት ይደረግ። ግን ላፕቶፑን ለባለሙያው ከመስጠታችሁ በፊት ሰነዶቻችሁንና ፎቶዎቻችሁን ኮፒ አድርጉ፣ ኮፒው መከፈቱንም ሌላ ኮምፒውተር ላይ አረጋግጡ። ዘንድሮ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፍ ጓደኛ ካላችሁ ይህን ላኩለት።